ከተማው ሲታቀድ አዛውንቶቹን ማን ጠየቃቸው?

በአሜሪካ ከተሞች እግረኛ መንገድ ሲያቋርጥ ከፊት ለፊቱ የሚታየው ቁጥር እንዲያው በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም። ነጩ የሰው ምስል ጠፍቶ ቀዩ እጅ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ቁጥሩ እየቀነሰ የሚሄደው፣ መሐንዲሶች «ሰው በሰከንድ ይህን ያህል ይራመዳል» ብለው ባወጡት ሒሳብ ነው። እስከ 2009 ድረስ የፌዴራሉ የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ ይዞት የነበረው ሒሳብ በሰከንድ 4 ጫማ ነበር። ስፋቱ 60 ጫማ የሆነ ጎዳና ለመሻገር 15 ሰከንድ ይበቃል ማለት ነው። በ2009 ሒሳቡ ወደ 3.5 ጫማ ዝቅ ተደረገና ያው ጎዳና 17 ሰከንድ አገኘ። ጉልበታቸውን የሚያማቸውና በሰከንድ 2.5 ጫማ ብቻ የሚራመዱ የ78 ዓመት እናት ግን 24 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። ነጩ ምስል ሊጠፋ ሲል ከጠርዙ የተነሡ እንደሆነ፣ ቁጥሩ አልቆ መኪናው ሊነሣ ሲያጓራ እሳቸው ገና 17 ጫማ ያህል ይቀራቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይኸው መመሪያ ዘገም ብለው የሚራመዱ ሰዎች አዘውትረው በሚሻገሩበት ቦታ፣ መሐንዲሱ ከ3.5 ጫማም ያነሰ ፍጥነት አስቦ ጊዜውን እንዲያስረዝም መንገድ ይከፍትለታል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መሐንዲሱ በየትኛው መስቀለኛ መንገድ አዛውንት እንደሚበዙ በምን ያውቃል? ቢሮው ያለው መዝገብ በሰዓት ስንት መኪና እንደሚያልፍ ይነግረዋል እንጂ፣ ማዕዘኑ ላይ ባለው ፎቅ ውስጥ ስንት አያቶች እንደሚኖሩ፣ በአዘቦት ቀን ወደ ክሊኒክ፣ ዓርብ ወደ መስጊድ፣ እሑድ ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በየት በኩል እንደሚሻገሩ አይነግረውም። ያንን የሚያውቁት ተሻጋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው አባባል ለሹመት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለሰባት ሰከንድም ይሠራል።

ከሪዮ የተነሣው ሐሳብ

ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስለሚኖሩበት ከተማ ራሳቸው ይጠየቁ የሚለው ሐሳብ ዓለም አቀፍ መልክ የያዘው በ2005 ነው። በዚያ ዓመት ብራዚል ውስጥ በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው የእርጅና ጥናት የዓለም ጉባኤ ላይ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የእርጅና ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ብራዚላዊው ሐኪም ዶክተር አሌክሳንደር ካላሽ ሐሳቡን ይዘው ቀረቡ። ከዚያ በኋላ በ22 አገሮች የሚገኙ 33 ከተሞች በጥናቱ ገቡ። ከነዚህም መካከል ናይሮቢ፣ ቶኪዮ፣ ኒው ዴልሂ፣ ኢስታንቡል፣ ለንደንና ሞስኮ ይገኙበታል።

ጥናቱን ከሌሎቹ የለየው አሠራሩ ነው። ባለሙያዎች ተሰብስበው ለሽማግሌ የሚበጀው ይህ ነው ብለው አልወሰኑም። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 1,485 ሰዎች በትንንሽ ቡድን ክብ ሠርተው እየተቀመጡ፣ በከተማቸው የሚመቻቸው ምን እንደሆነ፣ የሚያስቸግራቸው ምን እንደሆነ፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ተደረገ። 250 የሚሆኑ አረጋውያንን የሚያስታምሙ ሰዎችና 515 አገልግሎት ሰጪዎችም ለየብቻ ተጠየቁ። የተገኘው ሁሉ ተጠናቅሮ በጥቅምት 2007 መመሪያ ሆኖ ወጣ። መመሪያው ነገሩን በስምንት ይከፍለዋል፦ ደጅና ሕንፃ፣ መጓጓዣ፣ መኖሪያ ቤት፣ ከሰው ጋር መገናኘት፣ መከበር፣ ሥራና የዜግነት ተሳትፎ፣ መረጃ ማግኘት፣ በመጨረሻም የጤናና የድጋፍ አገልግሎት።

ጥናቱን ያነበበ ሰው የሚገርመው አዛውንቶቹ የጠየቁት ነገር ትንሽነቱ ነው። ታላላቅ ሕንፃ ይሠራልን ያለ የለም ማለት ይቻላል። መንገድ ዳር የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር፣ ያልተሰነጣጠቀ የእግረኛ መንገድ፣ ተቀምጠው ሳይደላደሉ አውቶቡሱን የማያስነሣ ሾፌር፣ በጉልህ የተጻፈ ምልክት፣ ስልክ ሲደወል ማሽን ሳይሆን ሰው እንዲያነሣ ነው የለመኑት። ከሁሉም ደግሞ በየአገሩ ተደጋግሞ የተነሣው የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ነው።

ይህ የመጸዳጃ ቤት ነገር ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ፕሮስቴት የሚያስቸግራቸው አባት ከቤት ወጥተው የሚሄዱት ርቀት የሚለካው በእግራቸው ጥንካሬ አይደለም። ከአንዱ መጸዳጃ እስከ ሌላው ባለው ርቀት ነው። በአሜሪካ ከተሞች በመንገድ ላይ የሕዝብ መጸዳጃ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቡና ቤት ገብቶ ለመጠቀም ደግሞ መግዛትም ቋንቋም ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ አዛውንት ሲወጡ ውኃ አይጠጡም፣ አንዳንዶቹም መድኃኒቱን ያን ቀን ይተዉታል፣ ሌሎቹ ጭራሽ መውጣቱን ያቆማሉ። ልጆቻቸው «እማዬ ቤት መዋል ትወዳለች» ይላሉ። የከተማው ሹም ደግሞ መናፈሻው ውስጥ አዛውንት ስለማያይ ወንበሩ በቂ ነው ብሎ ይጽፋል። ችግሩን አፍ አውጥቶ የተናገረ ስለሌለ ከዕቅዱ ውስጥ አይገባም።

ኒውዮርክ የሠራችው

የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ቀድመው በሥራ ካዋሉት ከተሞች ዋነኛዋ ኒውዮርክ ናት። በከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ዘመን፣ በ2007፣ የከተማው አስተዳደር፣ የከተማው ምክር ቤትና የኒውዮርክ የሕክምና አካዳሚ ተባብረው ሥራውን ጀመሩ። በአምስቱም የከተማው ክፍሎች ስብሰባ እየተጠራ፣ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆኑ ቋንቋዎችም ጭምር አረጋውያኑ ተጠየቁ። ከተጠየቁትም በመነሣት በ2009 ከተማው 59 የሚሆኑ ተግባሮችን ይፋ አደረገ።

ከነዚህ ውስጥ ጥቂቱን ማየት ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ከከተማው ሕዝብ 12 በመቶ ሆነው ሳሉ፣ ከ2002 እስከ 2006 ድረስ በመኪና ተገጭተው ከሞቱት እግረኞች ውስጥ ግን 39 በመቶ የሚሆኑት እነሱ ነበሩ። በዚህ የተነሣ በ2008 አዛውንት በብዛት የሚገጩባቸው ሠፈሮች ተመርጠው የመብራቱ ጊዜ እንዲረዝም፣ ሰፋፊ ጎዳናዎች መካከል ማረፊያ ደሴት እንዲሠራ፣ መኪና የሚታጠፍበት ማዕዘን እንዲጠብ ተደረገ። ቀጥሎም በ2011 የወንበር ፕሮግራም ተጀመረ። ይህ ፕሮግራም ጥሩ የሚባልበት ምክንያት ወንበሩ የት ይተከል የሚለውን ነዋሪው ራሱ እንዲጠይቅ መፍቀዱ ነው፤ በማመልከቻው ላይ የቦታው አድራሻ ይሞላል፣ ባለሙያ ሄዶ ያያል፣ ቦታው ከተስማማ ያለ ክፍያ ይተከላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,500 በላይ ወንበር ተተከለ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የተማሪ ቤት አውቶቡሶች ነገር ነው። አዛውንቶቹ በየስብሰባው ሱፐርማርኬት ሩቅ ሆኖ፣ ተሸክሞ መመለስ አቃተን አሉ። ከተማው አዲስ አውቶቡስ አልገዛም። ተማሪዎቹን ጧት አድርሰው እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ቆመው የሚውሉትን ቢጫ አውቶቡሶች በዚያ ሰዓት አረጋውያንን ከማዕከላቸው ወደ ገበያ እንዲያመላልሱ አደረገ። በሕዝብ መዋኛዎችም ለአረጋውያን ብቻ የሚሆን ሰዓት ተለየ። እንዲህ ዓይነቱን ሐሳብ ከቢሮ ተቀምጦ ማፍለቅ ያዳግታል፤ አውቶቡስ ቆሞ መዋሉንና የገበያውን ርቀት አንድ ላይ የሚያየው የሠፈሩ ሰው ነውና።

ለአንዱ የተደረገው ለሌላው እንደሚተርፍም ልብ ይሏል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ በርክሌይ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አካል ጉዳተኞች ተሟግተው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ በየማዕዘኑ ወደ ታች እንዲዘልቅ አስደረጉ። በ1990 የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ደግሞ በመላው አሜሪካ ግዴታ ሆነ። ዛሬ በዚያ ጠርዝ ከሚጠቀሙት መካከል የልጅ ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ የሚውሉት ኢትዮጵያውያን አያቶች ይገኙበታል።

ሻይ አጠጥቶ መሸኘት

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ስብሰባ የተጠራ ሁሉ ተሳትፎ ነው ማለት አይደለም። ሼሪ አርንስታይን የተባሉ፣ በአሜሪካ የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስቴር ያገለገሉ ሴት በ1969 ባወጡት ታዋቂ ጽሑፍ የሕዝብን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል መስለውታል። ከታች ያለው እርከን ሕዝቡን ለይስሙላ ሰብስቦ ማታለል ነው። መካከል ላይ ማሳወቅ፣ ማማከርና አፍ ማስያዝ አለ። የላይኛው እርከን ላይ ውሳኔው በነዋሪው እጅ ነው።

ዕቅዱ አልቆ፣ በጀቱ ተመድቦ፣ ኮንትራክተሩ ከታወቀ በኋላ ሽማግሌዎችን ጠርቶ ሥዕሉን ማሳየት፣ ሻይና ኩኪስ አቅርቦ ፎቶ ማንሣት ከታችኛው እርከን አይዘልም። አዛውንቶች ይህን ለማወቅ የከተማ ፕላን ትምህርት አያስፈልጋቸውም። «ባለፈው የነገርናችሁ ምን ደረሰ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ ይለየዋል። መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት፣ «ይህ ሆኗል፣ ይህ በዚህ ምክንያት አልሆነም» ብሎ የሚያስረዳ ከሆነ ጊዜ ቢወስድም ተመልሶ መሄድ ያዋጣል። በየስብሰባው አዲስ ወጣት ሠራተኛ እየላከ ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው የሚጠይቅ ከሆነ ግን አዛውንቶቹ በሁለተኛው ጊዜ ቢቀሩ አይፈረድባቸውም።

በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ከተማ የተሻለ መንገድ ተይዟል። ማንቸስተር በ2010 ከብሪታንያ ከተሞች ቀድማ በዓለም ጤና ድርጅት የከተሞች መረብ ውስጥ የገባች ስትሆን፣ አረጋውያኑ የራሳቸው ቦርድ አላቸው። የከተማው ሹሞች ለቦርዱ ማስረዳት አለባቸው እንጂ ቦርዱ ለአንድ ቀን ተጠርቶ የሚበተን አይደለም።

ዋሽንግተንና የአማርኛ ተናጋሪዎቿ

ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩን ቅርብ የሚያደርገው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ከተማዋ በ2012 በከንቲባ ቪንሰንት ግሬይ ጊዜ ለአረጋውያን የምትመች ከተማ ለመሆን ሥራ ጀመረች። በ2013 ሰዎች ቅጽ ይዘው በየሠፈሩ በእግር እየተዘዋወሩ የተሰነጠቀውን መንገድ፣ የጨለመውን ማዕዘን፣ መቀመጫ የሌለውን ፌርማታ እየመዘገቡ አለፉ። በዓለም ጤና ድርጅት ስምንት ርዕሶች ላይም ከተማዋ የራሷን ጨመረች፤ ይኸውም አደጋ ሲደርስ የሚደረግ ዝግጅትና አረጋውያንን ከመጎሳቆልና ከማጭበርበር መጠበቅ ናቸው።

ከዚህም በላይ በዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ዋና ዋና ሰነዶችም መሥሪያ ቤቱ ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው ቁጥር በሚናገረው ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። አማርኛ ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ አማርኛ እንዲህ ያለ የሕግ መብት ያገኘበት ከተማ ብዙ አይደለም። እንግዲህ በሩ ተከፍቶ ሳለ የሚገባበት ሰው ካልተገኘ ጥፋቱን ሁሉ በከተማው ላይ መጣል አይቻልም።

የማይገባበትም ምክንያት አለ። አብዛኞቹ አዛውንት ልጆቻቸው ያመጧቸው፣ ቀን ቀን የልጅ ልጅ የሚጠብቁ ናቸው። የከተማው ስብሰባ የሚጠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማታ በስድስት ሰዓት ተኩል፣ በአበሻ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ልጅ ከሥራ አልተመለሰም፣ ሕፃኑ እራት አልበላም፣ ውጭው ጨልሟል፣ አውቶቡሱ አይታወቅም። በዚህ ላይ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ከአገራቸው የመንግሥት ሹም ጠርቶ አስተያየት ስጡ ሲል የሚከተለውን ያውቁታል። ስለዚህ ክሊፕቦርድ የያዘ ወጣት መጥቶ ኑሮ እንዴት ነው ሲላቸው «ተመስገን ነው፣ ምንም የጎደለ የለም» ይሉታል። በአማርኛ ይህ ሰላምታ ነው። በቅጹ ላይ ግን «ችግር የለም» ተብሎ ይሞላል።

የአስተርጓሚው ነገርም ከዚህ ያላነሰ ነው። በብዙ ቤት አስተርጓሚው የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ ነው። እናት በዚህ ልጅ ፊት ስለ ሽንት፣ ስለ መውደቅ፣ ቤት ውስጥ ስለሚደርስባቸው ብቸኝነት ይናገራሉ ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። ልጅ ሲያስተረጉም ደግሞ የወላጁን ክብር ለመጠበቅ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ሰልችቶት ያሳጥራል፤ አሥር ደቂቃ የተናገሩት በሁለት ቃል ያልቃል። የሙያ አስተርጓሚ መጠየቅ ቅንጦት የማይሆነው ለዚህ ነው።

አዛውንቶቹን ከመጥራት ይልቅ ወዳሉበት መሄዱ ይቀላል። እነሱ ያሉበት ቦታ የታወቀ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቁርስ የሚበላበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የመስጊዱ ግቢ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የኮሚኒቲ ማኅበሩ ቢሮ። የከተማው ሠራተኛ በዚያ ሰዓት መጥቶ፣ ቡና እየተጠጣ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያስተረጉም ሰው ይዞ ቢቀመጥ በአንድ ጧት የሚሰማው በአዳራሽ ከተጠሩ ብዙ ስብሰባዎች ይበልጣል። ዕድር ደግሞ አባሎቹን በስም ያውቃል፤ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት ሳይኖረው እንደሚኖር፣ ማን ልጅ እንደሌለው መዝገብ ሳይገልጥ ይናገራል። ከከተማ አስተዳደር ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ዕድሩ ቢወክል ብዙ ድካም አያስከትልም፤ ለቅሶ የሚያስተባብር ሰው እስካልጠፋ ድረስ።

የተከፈቱ በሮች

ከዲሲ ውጭ ለሚኖሩትም መግቢያ አለ። በ1965 በወጣው የአሜሪካ የአረጋውያን ሕግ መሠረት በየአካባቢው «ኤሪያ ኤጀንሲ ኦን ኤጂንግ» የሚባል መሥሪያ ቤት ይገኛል። ይህ መሥሪያ ቤት ለምግብ፣ ለመጓጓዣና ለቤት ውስጥ እርዳታ የሚመደበውን የፌዴራል ገንዘብ የሚያቅድ ሲሆን፣ አማካሪ ምክር ቤት እንዲኖረው ይገደዳል። ከምክር ቤቱ አባሎች ከግማሽ በላይ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አረጋውያን መሆን አለባቸው፤ ከነሱም ውስጥ ከአናሳ ማኅበረሰብ የመጡ እንዲገኙበት ደንቡ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሰው እጥረት ያለበት ምክር ቤት ነው። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ነርስ ወይም የታክሲ ሾፌር ለዚህ ቦታ የሚያንሱ አይደሉም። እንዲያውም ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው የከተማውን ጎዳና ከማንም መሐንዲስ ባላነሰ ያውቀዋል።

በዲሲ ውስጥ ደግሞ ከ1976 ጀምሮ የሚሠሩ የሠፈር አማካሪ ኮሚሽኖች አሉ። እያንዳንዱ ኮሚሽነር ሁለት ሺህ ለሚሆኑ ነዋሪዎች ይቆማል፣ ደመወዝም አይከፈለውም። ኮሚሽኑ ስለ መብራት፣ ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ አዲስ ሕንፃ የሚሰጠውን ምክር የከተማው መሥሪያ ቤቶች ትልቅ ክብደት ሰጥተው እንዲያዩት ሕግ ያስገድዳል። ስብሰባው ለሁሉ ክፍት ነው፤ ገብቶ ለማዳመጥም ሆነ ለመናገር የዜግነት ወረቀት የሚጠይቅ የለም።

ሲናገሩ አጠር አድርጎ፣ ቦታውን ለይቶ መናገር ይጠቅማል። «መንገዱ ለሽማግሌ አያመችም» የሚል አቤቱታ የትም አይደርስም። የሁለቱን ጎዳናዎች ስም ጠርቶ፣ «እዚህ ማዕዘን ላይ ከሕንፃው የምንወጣ አዛውንት ሃያ ነን፣ በእጅ ሰዓት ለክተን ቁጥሩ ሲያልቅ መሐል ላይ እንቀራለን» የሚል ግን መሐንዲሱ ሄዶ እንዲያይ ያስገድዳል። የሚለካውም የልጅ ልጅ ስልክ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ልጁ ይሆናል። ተፈራርሞ በጽሑፍ መስጠት፣ ቅጂውን ማስቀመጥ፣ የተቀበለውን ሠራተኛ ስምና ቀኑን መጻፍ፣ ከወር በኋላ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ከተሞች ለዚህ 311 የሚባል ስልክ አላቸው፤ መስመሩ ሲነሣ በእንግሊዝኛ «አማርኛ» ብሎ የቋንቋውን ስም መጥራት ይበቃል፣ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ይቀርባል። ለስብሰባ የሚሆን አስተርጓሚ ግን በዕለቱ በር ላይ አይገኝም፤ ስብሰባው ከመድረሱ ቀናት አስቀድሞ ደውሎ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።